ስጦታ፣ ብድር ወይስ አደራ? ከለንደን ደብረ ማርቆስ የገባው 40 ሺህ ፓውንድ

ጋሼ ቢሮዬ የመጡት በኅዳር 2017 መጀመሪያ ነው። ጠዋት ነበር፤ የደብረ ማርቆስ ብርድ ገና አልለቀቀም። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሁለት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና "እንግሊዞች የእህቴን ገንዘብ መልስ ሊሉኝ ነው መሰለኝ" አሉ።

ወረቀቱ ከእንግሊዝ መንግሥት የመጣ አልነበረም። ለንደን የምትኖር የወንድማቸው ልጅ በስልክ የላከችው ነው፤ ሴት ልጃቸው አትማ ሰጥታቸዋለች። ውስጡ ጥያቄ ብቻ ነው። ገንዘቡ መቼ ደረሰዎት? ስንት ነበር? ለምን ተሰጠዎት? መልሰው ለመክፈል ተስማምተው ነበር?

ጋሼን እንቅልፍ የነሳቸው የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

እኔ እዚሁ ከተማ የነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ። ስለ እንግሊዝ የውርስ ግብር ያኔ የማውቀው ከምንም አይቆጠርም። ነገር ግን ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለተከታተልኩት፣ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ብዙ ሰው የሚጠቅመው መሰለኝ። ስምና ሰፈር ትቻለሁ፤ የገንዘቡንም መጠን ለሒሳብ እንዲመች አጠጋግቼዋለሁ።

ሟቿን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ለንደን 26 ዓመት ኖሩ። ሥራቸው አረጋውያንን መንከባከብ ነበር። አላገቡም፣ ልጅም አልወለዱም። በብድር የገዟትን አንዲት አፓርታማ ዕዳዋን ከፍለው ጨርሰዋል። ሉማሜ ላሉት እናታቸው፣ ለእማሆይ፣ በየወሩ 200 ፓውንድ ይልኩ ነበር። በመስከረም 2014 ደግሞ ለወንድማቸው ለጋሼ 40 ሺህ ፓውንድ በአንድ ጊዜ ላኩ። ጋሼ በዚያ ገንዘብ አራት ክፍልና ከፊት ለፊቱ ሁለት ሱቅ ያለው ቤት ሠሩ። በጥር 2015 የጋሼ ልጅ ስትዳር እትዬ 1,000 ፓውንድ ጨመሩ። ከዚያ ታመሙ። በጥቅምት 2017 አረፉ። ጋሼ ቢሮዬ ሲመጡ የእህታቸው አርባ ገና አልወጣም ነበር።

እትዬ ኑዛዜ ነበራቸው። ያላቸውን ሁሉ ለሁለት ሰው እኩል አካፍለዋል፤ አንዷ ለንደን ያለችው የወንድማቸው ልጅ ናት፣ ሌላዋ ደብረ ማርቆስ ያሉት ታናሽ እህታቸው እታለም። የኑዛዜው አስፈጻሚም የለንደኗ ልጅ ናት። የጋሼ ስም ኑዛዜው ውስጥ የለም። ለምን እንደሌለ አንድም መስመር አልተጻፈም። ለነገሩ የጠብ ሁሉ መነሻ ይህች ዝምታ ናት።

መጀመሪያ ጋሼን ማረጋጋት ነበረብኝ። እኛ አገር የውርስ ግብር የሚባል ነገር የለም። ወንድም ከእህቱ በስጦታ ላገኘው ገንዘብም ግብር አይከፍልም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ገቢዎች ቢሮ ጉዳዩ አይደለም። እንግሊዝ አገር ግን አለ። አንድ ሰው ሲሞት የተወው ሀብት ከዕዳና ከቀብር ወጪ በኋላ ከ325 ሺህ ፓውንድ ከበለጠ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 40 በመቶ ይከፈላል። ለትዳር ጓደኛ የሚተው ነፃ ነው። የመኖሪያ ቤቱን ለልጆቹ ወይም ለልጅ ልጆቹ የሚተው ሰው ተጨማሪ እስከ 175 ሺህ ፓውንድ ነፃ ያገኛል። እትዬ ባልም ልጅም ስለሌላቸው የተረፋቸው 325 ሺው ብቻ ነው።

"ታዲያ እኔ ምን አገባኝ? እኔ አልወረስኩ" አሉ ጋሼ።

እዚህ ላይ ነው የሰባት ዓመቱ ሕግ የሚመጣው። ሰው ሊሞት ሲል ሀብቱን በስጦታ በትኖ ግብር እንዳያመልጥ፣ ከመሞቱ በፊት ባሉት ሰባት ዓመታት የሰጠው ስጦታ ተመልሶ ይቆጠራል። ሰጪው ከሰጠ በኋላ ሰባት ዓመት በሕይወት ከቆየ ስጦታው ከሒሳብ ይወጣል። እትዬ ከሰጡ በኋላ የቆዩት ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ነው። ተቀባዩ ደብረ ማርቆስ መኖሩ ለውጥ የለውም፤ ገንዘቡ የወጣው ከለንደን የባንክ ሒሳብ ነው።

የለንደኗ ልጅ አንድ ነገር ሰምታ ተስፋ አድርጋ ነበር። ሦስት ዓመት ካለፈ ቅናሽ አለ ተብላለች። እውነት ነው፣ አለ። ሰጪው ከሦስት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከሞተ በስጦታው ላይ ያለው ግብር ከ40 ወደ 32 በመቶ ይወርዳል፣ ከዚያ 24፣ 16፣ 8 እያለ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። ቅናሹ የሚሠራው ስጦታው ራሱ ግብር ሲኖርበት ብቻ ነው፤ ስጦታ ግብር የሚኖርበት ደግሞ የስጦታዎቹ ድምር ከ325 ሺህ ሲያልፍ ነው። የጋሼ 40 ሺህ ከዚያ ጣሪያ በታች ነው። ግብር የለበትም፣ ስለዚህ የሚቀነስለትም የለም። የሚያደርገው ነገር ጣሪያውን ከሥር መብላት ነው። ስጦታው ቀድሞ ይቆጠራል፤ ከ325 ሺው የተረፈው ብቻ ለውርሱ ይደርሳል።

በቁጥር ስናየው ይገባል። የእትዬ አፓርታማና ቁጠባ፣ ዕዳና የቀብር ወጪ ተቀንሶ፣ 390 ሺህ ፓውንድ ነው። ለጋሼ ምንም ባይሰጡ ኖሮ ግብር የሚከፈለው በ65 ሺው ላይ ነበር፣ ማለትም 26 ሺህ ፓውንድ። አሁን ግን ከ40 ሺው ላይ 6 ሺው ተቀንሶ (ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ) 34 ሺህ ጣሪያው ውስጥ ይገባል። ለውርሱ የሚተርፈው ነፃ መጠን 291 ሺህ ይሆናል። ግብሩ በ99 ሺህ ላይ ይታሰባል፤ 39,600 ፓውንድ። ልዩነቱ 13,600 ነው።

ይህን የሚከፍሉት ጋሼ አይደሉም። የሚከፈለው ከውርሱ ነው፣ ማለትም ከልጅቷና ከእታለም ድርሻ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ እፎይ አሉ። እታለም ሲሰሙ ግን "እሱ ቤት ሠራበት፣ ግብሩን እኔ ልክፈል?" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምና እህት በደንብ መነጋገር አቆሙ።

ጋሼ በዚህ መሀል አንድ ሙግት አምጥተው ነበር፤ እኔንም ለአፍታ አሳስቶኛል። ገንዘቡ ሲመጣ ፓውንድ በባንክ 63 ብር ገደማ ነበር፣ ወደ 2.5 ሚሊዮን ብር ደረሳቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ እትዬ ባረፉበት ወር አንድ ፓውንድ 150 ብር አካባቢ ደርሷል። "እኔ የተቀበልኩት 2.5 ሚሊዮን ብር ነው። በዛሬ ምንዛሪ 17 ሺህ ፓውንድ አይሞላም። ለምን 40 ሺህ ይሉኛል?" አሉ። ሙግቱ ለእኛ ጆሮ ደስ ይላል። ነገር ግን የሚቆጠረው እትዬ በሰጡበት ቀን ከኪሳቸው የወጣው ነው፣ በፓውንድ። ብሩ በኋላ መውደቁን የለንደን ሒሳብ አያውቀውም። በነገራችን ላይ፣ ያኔ "በጎን ብትልኪው ይሻላል" ያሏቸው ሰዎች ነበሩ። እትዬ እምቢ ብለው በባንክ ላኩት። በጎን ቢመጣ ኖሮ ብሩ ይበዛ ነበር፤ የስጦታው ቀንና መጠን ግን ማስረጃ አይኖረውም ነበር። ከሒሳቡ የወጣው 40 ሺህ ደግሞ የትም አይደበቅም፤ የባንኩ መግለጫ ያሳየዋል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ። ገንዘቡ ምንድን ነው?

እኛ ጋ ዘመድ ለዘመዱ ገንዘብ ሲሰጥ ስም አያወጣለትም። "እንካ" ይላል፣ ያልቃል። "ብድር ነው" ማለት ነውር ነው፤ "ስጦታ ነው" ማለትም ውለታ መቁጠር ይመስላል። የለንደኑ ቅጽ ግን ስም ይፈልጋል። እዚህ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ሦስት ስም ወጣለት። ጋሼ ስጦታ አሉት። እታለም መጀመሪያ ብድር፣ ቆይተው አደራ አሉት፤ "ቤቱን በስምህ ሥራልኝ ብላ ነው የላከችው፣ ጡረታ ስትወጣ ልትኖርበት" አሉ።

ብድር ከሆነ 40 ሺው የሟች ሀብት ነው፤ ተመልሶ ውርሱ ላይ ይደመራል። ውርሱ 430 ሺህ፣ ግብሩ 42 ሺህ ይሆናል። አደራ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ራሱ በሞቱበት ቀን ዋጋ የእትዬ ንብረት ሆኖ ይቆጠራል። ልብ በሉ፣ በስጦታና በብድር መካከል ለእንግሊዝ መንግሥት ያለው ልዩነት 2,400 ፓውንድ ብቻ ነው። ለጋሼ ግን የራስ ላይ ጣራ ነው። ብድር ከተባለ 40 ሺህ ፓውንድ ለሁለቱ ወራሾች ዕዳ አለባቸው። አደራ ከተባለ ከነሚስታቸው ሰው ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። የኑዛዜ አስፈጻሚዋ ልጅም ራሷ ወራሽ ናት፤ ብድር ቢባል እሷም ተጠቃሚ ናት። እዚህ ላይ የልጅቷን ጨዋነት ሳልጠቅስ አላልፍም። "እኔ የማምንበትን ነው የምፈርመው፣ ማስረጃ ላኩልኝ" አለች። አንዴ ነው ያለችው፣ አልቀየረችም።

የእታለም ማስረጃ አንድ የስልክ ወሬ ነበር። ቤቱ ሲሠራ እትዬ ደውለው "ቤቴ ደረሰ ወይ?" ብለዋል። "ቤቴ ነው ያለችው፣ ቤትህ አላለችም" አሉ እታለም። ጋሼ "ቤታችን ነው ያለችው" አሉ። አንዲት ቃል ላይ ሁለት ሳምንት ተከራከሩ! እኔ በበኩሌ እትዬ ቤቴ ቢሉም አይገርመኝም። ያገሬ ሰው የወንድሙን ቤት ቤቴ ነው የሚለው።

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ስለነበር፣ የኋለኛው ዘመን ንግግራቸው ሁሉ በተራ ስልክ ነው። ምንም አልቀረም። ነገሩን የፈቱት የጋሼ ባለቤት ናቸው። መሠረት ሊወጣ ሲል በመስከረም 2014 እትዬ በኢሞ የላኩት የድምፅ መልእክት አሮጌው ስልካቸው ላይ ነበር። ስልኩ ስክሪኑ ተሰብሮ መሳቢያ ውስጥ ተጥሏል። አስጠገኑት። አርባ ሰከንድ የማይሞላ ነው። እትዬ የቤቱን ሥራ ከዝናብ በፊት እንዲጨርሱት ይነግሯቸዋል፣ ከዚያ "ያንተ ነው፤ ለእናታችን ግን አንድ ክፍል ይኑራት" ይላሉ።

ድምፃቸውን ስንሰማ ማንም ለተወሰነ ጊዜ አልተናገረም። እታለም አለቀሱ። ለክርክሩ መሸነፋቸው አልመሰለኝም።

የለንደኗ ልጅ የድምፁን ትርጉም ከባንኩ ወረቀት ጋር አያያዘችው። የባንኩ ወረቀት ላይ የመላኪያ ምክንያቱ "ለቤተሰብ ድጋፍ" ይላል። እሷን የሚያማክራት ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ነገር ጠየቀ፤ እትዬ ራሳቸው ከስጦታው ላይ ጥቅም አስቀርተው ነበር ወይ? ቤቱን ለልጁ ሰጥቶ እዚያው በነፃ እየኖረ የሚሞት ሰው እንዳልሰጠ ይቆጠራልና ነው። እትዬ ከ2011 ወዲህ አገር ቤት አልመጡም። ክፍሉም የተባለው ለእናት ነው። ስለዚህ ስጦታ ተብሎ ተጻፈ።

በእኛም ሕግ ቢሆን ጋሼ አያሰጋቸውም ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገንዘብን ጨምሮ የሚንቀሳቀስ ነገር በማስረከብና በመስጠት ሐሳብ ብቻ ሊሰጥ እንደሚችል ይላል። ቤት ቢሆን ግን ሌላ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ካልተጻፈና በምስክሮች ፊት ካልተነበበ አይጸናም። እትዬ ገንዘቡን ሰጥተው ጋሼ ቤቱን መሥራታቸው፣ ሳያስቡት ነገሩን አቅልሎታል።

አሁን ወደ 6 ሺው ልመለስ። እንግሊዝ አገር ማንም ሰው በግብር ዓመቱ (በእኛ ከመጋቢት 28 የሚጀምረው) 3,000 ፓውንድ በነፃ መስጠት ይችላል። ያለፈው ዓመት ሳይነካ ከቀረ እሱም ይደመራል፣ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ብቻ። ሁለቱ ሲደመሩ 6 ሺህ ይመጣሉ። ችግሩ የእማሆይ ወርሃዊ ገንዘብ ነው። በዓመት 2,400 ፓውንድ ነው፤ እሱ ከ3,000 ላይ ከተቆረጠ ለጋሼ ስጦታ የሚተርፈው በየዓመቱ 600 ብቻ ይሆናል።

መውጫ አለው። ሰው ከደመወዙ በመደበኛነት የሚሰጠው፣ የራሱን ኑሮ ሳይጎዳ ከሆነ፣ ጭራሽ አይቆጠርም። መጠን የለውም። በእኔ ግምት ውጭ አገር ያሉ ልጆች ለወላጅ የሚልኩት አብዛኛው ገንዘብ እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ግን ማረጋገጥ ይጠይቃል። የስጦታዎቹ ቅጽ፣ አይኤችቲ 403 የሚሉት፣ የሟችን ገቢና ወጪ በየዓመቱ የሚሞሉበት ሰንጠረዥ አለው። ደመወዝ ስንት? የቤት ወጪ ስንት? ምን ተረፈ? የሞተ ሰው የቤት ወጪ ማን ያውቃል? ልጅቷ የባንክ መግለጫዎችን ስታገላብጥ ሳምንታት ፈጀባት። አንዳንድ ወራት ላይ ገንዘቡ የተላከው በሐዋላ ድርጅት ስለነበር ከመግለጫው ላይ ለማን እንደሄደ አይታወቅም።

ሉማሜ ሄድን። እማሆይ ማንበብ አይችሉም። የሐዋላውን ደረሰኝ ግን አንድም ሳይጥሉ በጥቁር ፌስታል አድርገው ከአልጋቸው ራስጌ ሰቅለውታል። "የልጄ እጅ የነካው ነው" አሉ። እንዳልነካው አልነገርናቸውም። ከሰባቱ ዓመታት 84 ወራት የ61ዱን አገኘን። ፎቶ አንስተን ላክን። ከመግለጫው ጋር ሲገጣጠም ወርሃዊው ገንዘብ ከገቢ የተሰጠ መሆኑ ተያዘ።

የሙሽራዋ 1,000 ፓውንድ ደግሞ ለብቻው አስቂኝ ነበር። ለሠርግ የሚሰጥ ስጦታ የራሱ ነፃ መጠን አለው፤ ወላጅ 5,000፣ አያት 2,500፣ ሌላ ዘመድ 1,000። እትዬ ልኩን ነው የሰጡት። ግን መሰጠት ያለበት ከሠርጉ በፊት ወይም በዕለቱ ነው። የእትዬ ገንዘብ የደረሰው በመልሱ ዕለት ነው። ለእኛ መልስም ሠርግ ነው፤ ለእነሱ ግን አልፏል። ደግነቱ የዚያ ዓመት 3,000 ሳይነካ ስለነበር እዚያ ውስጥ ገባ። የእማሆይ ደረሰኞች ባይገኙ ኖሮ ከዚህችም 400 ፓውንድ ይቆጠር ነበር። ሁሉም ሲደመር ያ ፌስታል ለወራሾቹ 2,080 ፓውንድ ግብር አድኗል።

ግብሩ የሚከፈልበት ቀን ሰው ከሞተበት ወር መጨረሻ በኋላ ስድስት ወር ነው፤ ለእትዬ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ነበር። ከዚያ በኋላ ወለድ ይቆጥራል። ልጅቷ ከእትዬ ቁጠባ ላይ ባንኩ በቀጥታ እንዲከፍል አደረገች። በአፓርታማው ላይ የሚደርሰውን በዓመት በዓመት እስከ 10 ጊዜ መክፈል ይቻላል፤ ቤቱ ሲሸጥ ግን ቀሪው ወዲያው ይከፈላል። በመጨረሻ አፓርታማው ተሸጠ፣ ተዘጋ።

የቀረው የወንድምና የእህት ነገር ነው። 13,600 ፓውንድ ለሁለት ሲካፈል እታለም ላይ የደረሰው 6,800 ነው። በሕግ ጋሼን መጠየቅ አይችሉም። ግን ሕግ ሁሉንም አይጨርስም። የእማሆይ ንስሐ አባትና ሁለት ሽማግሌዎች ጋሼ ሳሎን ተቀመጡ። እኔ ሒሳቡን እንድናገር ተጠራሁ። ጋሼ ፓውንድ የላቸውም፣ ብርም ቢኖራቸው በዚህ ምንዛሪ አይችሉትም። ከፊት ካሉት ሁለት ሱቆች የአንዱ ኪራይ ለአምስት ዓመት ለእታለም እንዲሆን ተስማሙ። ተደምሮ 6,800 ፓውንድ እንደማይሞላ እታለም ያውቃሉ። "ይሁን" አሉ። የለንደኗ ልጅ የእሷን ድርሻ ተወችው። ስምምነቱ በሦስት ቅጂ ተጽፎ ተፈረመ። ሽማግሌው "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ሲሉ ጋሼ ሳቁ፤ ከኅዳር ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

እማሆይ ከሉማሜ መጥተው በዚያ ቤት አንድ ክፍል ይዘዋል። የወር ገንዘባቸው ከጥቅምት ጀምሮ ተቋርጦ ነበር፤ አሁን የለንደኗ ልጅ 150 ፓውንድ ትልካለች። ስትልክ ማስታወሻው ላይ "ለአያቴ፣ ከደመወዜ" ብላ ትጽፋለች። ደረሰኙን እማሆይ ተቀብለው ያው ፌስታል ውስጥ ይከቱታል።